ስንቅ፣ ጓዝና እስትንፋስ፦ ተጓዥ የሚጭነውና የማይጭነው
(በወላይታ ሶዶ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ ጥቂት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ምን ይጭናል? ምንስ ሳይጭን ይተዋል? በታሪክ ትምህርታችን የጦርነቱን ውጤት፣ የውሉን ቃል፣ የነገሥታቱን ስም እናጠናለን፤ ጓዙን ግን ለባለ አጋሰሱ ትተንለታል። እኔ ግን የአንድ ጉዞ የጓዝ ዝርዝር ከአዋጁ ባልተናነሰ የተጓዡን ሐሳብ ይገልጣል ብዬ አምናለሁ። ይበልጥ የሚናገረውም በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሳይሆን የጎደለው ነው። ተጓዥ የሚያስፈልገውን ነገር ሳይጭን ከሄደ፣ ከሌላ ሰው ሊያገኘው አስቧል ማለት ነውና። ከማን? በምን ዋጋ? ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሦስት ጉዞዎችን በዚህ ሚዛን እመዝናለሁ፤ ሁለቱ ወደዚህች ምድር የመጡ ናቸው፣ ሦስተኛው ወደ ቀይ ባሕር የወረደ ነው።

የመጀመሪያው የ1887 ዓ.ም. የወላይታ ዘመቻ ነው። ከዚያ በፊት የተላኩ ዘመቻዎች ካዎ ጦናን ማንበርከክ ስላልቻሉ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ጦራቸውን መርተው መጡ። የታሪክ ምሁራን ይህን ዘመቻ በደቡብ ከተካሄዱት ሁሉ እጅግ ደም ካፋሰሱት ውስጥ ይቆጥሩታል። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ የነጻው የወላይታ መንግሥት ዘመንም በዚያ ተፈጸመ። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ልመለከተው የምወደው የዘመቻውን ስንቅ ነው።

በዚያ ዘመን የጦር ሠራዊት ከግምጃ ቤት ቀለብ እየተሰፈረለት አይዘምትም ነበር። «ስንቅና ትጥቅ» የሚለው ጥምር ቃል እንደሚያስታውሰን፣ ስንቁም ሆነ ትጥቁ በአብዛኛው የዘማቹ የራሱ ዕዳ ነው። በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ቋንጣው በስልቻና በአቁማዳ ይሞላል፤ በቅሎውና አህያው ይጫናሉ። ከወታደሩ ኋላ ሚስቱ፣ አገልጋዩ፣ እንጨት ለቃሚው፣ ወፍጮ ፈጪው ይከተላሉ። ይህ ሁሉ ሕዝብ የያዘው ስንቅ የተወሰኑ ሳምንታትን ያሻግር እንደሆነ እንጂ ወራትን አያዘልቅም። ስንቁ ሲያልቅ ቀላቢው የተረገጠው አገር ነው። ስለዚህ የዘመቻው እቅድ ሳይጻፍ የታወቀ አንድ አንቀጽ ነበረው፦ የቀረውን ከዚያ እናገኛለን የሚል።

ዘመኑን ደግሞ አስታውሱ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት እልቂትና ድርቅ ተከታትለው ያመጡት ክፉ ቀን ገና ከሰው ልብ አልወጣም። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የማረሻ በሬ ጠፍቶ ነበር። መንግሥቱ ችግሩን ሳያውቀው አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1892 የተደነገገው የአሥራት ግብር ወታደሩ ገበሬውን እየዘረፈ እንዳይበላ፣ በሥርዓት እንዲቀለብ የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ በዳር አገር ዘመቻ ላይ የቀድሞው ልማድ እንዳለ ቀጠለ። በዘመቻው አብሮ የተጓዘው ፈረንሳዊ ጋስቶን ቫንደርሃይም፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ በታተመው መጽሐፉ፣ ከወላይታ የተነዳውን ከብትና የተማረከውን ሰው በሺዎች ይቆጥራል። ከብት ለመንዳት የመጣ ሠራዊት ስንቁን በጀርባው መሸከም አያስፈልገውም፤ መመለሻውን በእግሩ እየሄደ ይከተለዋልና። ጓዙ ቀላል የነበረው ክብደቱ በወላይታ ገበሬ ላይ ስለተጫነ ነው።

ይህን ስል ጥፋቱ የስንቅ ማነስ ብቻ ውጤት ነው ማለቴ አይደለም። የፖለቲካ ፍላጎት ነበረ፤ የግዛት ፉክክር ነበረ። ነገር ግን የስንቅን ጉዳይ ሳናነሣ የምንጽፈው የዘመቻ ታሪክ፣ ጠመንጃውን አይቶ ሆድን የዘነጋ ታሪክ ይሆናል። በዓመቱ አድዋ ላይ ያው ሠራዊት በገዛ አገሩ ምድር ሲሰለፍ ስንቅ እያለቀበት እንደነበር፣ ጥቂት ቀናት ቢዘገይ ኖሮ ለመበተን ይገደድ እንደነበር እናውቃለን። ታላቁ ድልና የወላይታው መከራ በአንድ የስንቅ ሥርዓት ላይ ቆመው ነበር።

ሁለተኛው ጉዞ የቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። በጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር የተላከው ይህ መኮንን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1895 ከሶማሊያ የባሕር ዳርቻ ከብራቫ ተነሣ። ከእርሱ ጋር ቫኑቴሊ፣ ቺቴርኒና ሳኪ የተባሉ ጣሊያናውያንና በመቶዎች የሚቆጠሩ አስካሪዎች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከዘማቹ በተለየ ብዙ ጭነዋል፦ የመለኪያ መሣሪያ፣ የፎቶግራፍ ዕቃ፣ ለገጸ በረከትና ለልውውጥ የሚሆን ሸቀጥ። እ.ኤ.አ. በ1896 ወላይታን በምሥራቅ ከሚያዋስነው ከአባያ ሐይቅ ዳርቻ ሲደርሱ ግን ከጓዛቸው ውስጥ አንድ የማይታይ ዕቃ ወጣ፤ እርሱም ስም ነበር። ሐይቁን በንግሥታቸው ስም «ማርጌሪታ» አሉት። ለዘመናት ሐይቁን ሲቀዝፉና ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት ሰዎች የሰጡት ስም እንዳለ፣ ሌላ ስም በካርታ ላይ ተጫነ፤ በአውሮፓ ካርታዎችም ላይ ለረጅም ዓመታት ቆየ። ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1897 በወለጋ ተገደለ፤ የተረፉት ሁለቱ መኮንኖች ጉዞውን «ኦሞ» በተሰኘ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተሙት።

ሦስተኛው ጉዞ ከዚህ ደጋ ርቆ ያወርደናል። ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደች በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራ የጣሊያን የባሕር ጠላቂዎች ጓድ ወደ ዳህላክ ደሴቶች መጣ። ፎልኮ ኩዊሊቺ የተባለው ወጣት ፊልሙን አዘጋጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 «ስድስተኛው አህጉር» በሚል ርእስ ለዕይታ ቀረበ። ጋዜጠኛው ጃኒ ሮጊም ከሥነ እንስሳት ባለሙያው ከባስኪየሪ ጋር «ዳህላክ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ።

ጠላቂ ከዘማች ሁሉ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፦ ከባሕር ሥር እስትንፋስ አይዘረፍም። ኩስቶና ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1943 በፈጠሩት መሣሪያ ጠላቂው የታመቀ አየር በጀርባው ተሸክሞ ይወርዳል። ይህን አየር ማንም አያበድረውም፤ ከጎረቤት አይለመንም። ስለዚህ ስሌቱ ምሕረት የለውም። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2400 ሊትር አየር ይሰጣል። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ በአንድ ባር ይጨምራል፤ ስለሆነም በ20 ሜትር ላይ ግፊቱ ከወለሉ ሦስት እጥፍ ነው። በወለል በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው እዚያ 60 ሊትር ይፈጃል። ሲሊንደሩ 40 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ለክፉ ጊዜ 50 ባር ካስቀረ ግን 30 ደቂቃ ብቻ። ይህ በታሪክ ከማውቃቸው የስንቅ ሒሳቦች ሁሉ ሐቀኛው ነው፤ ጉድለቱ የሚወድቀው በሌላ ሰው ላይ ሳይሆን በራሱ በተጓዡ ላይ ነውና።

ሆኖም የጠላቂዎቹም ዝርዝር ሙሉ አልነበረም። የዳህላክ ሰዎች በአንድ ትንፋሽ ወርደው ሉል ሲለቅሙ ዘመናት አስቆጥረዋል፤ ሪፉን፣ ነፋሱንና ሞገዱን ያውቃሉ። ለእነርሱ ባሕሩ ማሳ ነበር፣ አዲስ አህጉር አልነበረም። እንደ «ማርጌሪታ» ሁሉ «ስድስተኛው አህጉር» የሚለው ስም ከውጭ ተጭኖ የመጣ ነው። ለአየሩ ያን ያህል የተጠነቀቀ ሰው ለስሙ አልተጠነቀቀም።

ይህ ነገር ዛሬ ምን ይጠቅመናል የሚል ተማሪ ይኖራል። ከግንቦት 1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕሩ ለእኛ የውጭ አገር ሆኗል፤ ለባሕር ጥናትም ሆነ ለመዝናናት መጥለቅ የሚሻ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቱን ይዞ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ግብጽ ወይም ወደ ዛንዚባር መሄድ ይኖርበታል። የዘመኑ ጠላቂ ሲሊንደሩንና የእርሳስ ማስጠሚያውን ከመዳረሻው ይከራያል፤ ከፊቱ ልክ ጋር የተሰማማውን የመጥለቂያ መነጽር፣ ሬጉሌተሩንና የጥልቀት ኮምፒውተሩን በእጅ ሻንጣው ይይዛል። ለደጋ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ስሌት አለ። በደም የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ካልወጣ፣ ወደ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ሲወጡ አረፋ ሠርቶ ይጎዳል። ስለዚህ ከአንድ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ተደጋጋሚ ከሆነ 18 ሰዓት ሳይቆዩ እንዳይበርሩ ይመከራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊትም በአብዛኛው ከዚህ ከፍታ ጋር ይቀራረባል። ሌላው መንገደኛ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ወደ ወፍራሙ አየር ይመለሳል፤ እኛ ግን ካረፍንም በኋላ እዚያው ከፍታ ላይ ነን። በመኪና ከጅቡቲ ወደ ደጋው የሚወጣም ያው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የመልስ ጉዞውን ያላሰበ እቅድ ግማሽ እቅድ ነው።

ወደ ታሪክ ልመለስና ላጠቃልል። በወላይታ አሁንም ያልተጻፈ ሰፊ ምዕራፍ አለ። ስለ 1887 ዓ.ም. በጽሑፍ የምናገኘው ምስክርነት በአመዛኙ ከመጡት ወገን ነው፤ የጭነቱ ሌላኛው ገጽ፣ ማለትም የተወሰደው፣ የተቃጠለው፣ የተደበቀው፣ በእንሰት ጓሮ የተረፈው፣ ያለው በቤተሰብ ትዝታ ውስጥ ነው። ከብቱ ሲነዳ የቀረው ቤተሰብ በምን ዳነ? ማሳውን ያለ በሬ በስንት ዓመት መልሶ አቀና? የተማረኩት ሰዎች ዘር የት ይኖራል? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመርቂያ ጽሑፋችሁ ብታደርጓቸው፣ ወደ ገጠር ስትወጡ የምትይዙት ጓዝ መቅረጫ፣ ማስታወሻ ደብተርና ትዕግሥት ይሁን። የራሳችሁን ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሽማግሌው ለእንግዳ የሚያቀርቡት ቡና የእርሳቸው ክብር ነውና ተቀበሉ፣ ነገር ግን ሳይጠየቁ የሚከፍሉት ግብር አታድርጉት። የሰጧችሁን ቃልም በእነርሱ ስምና አጠራር ጻፉ እንጂ ከመጽሐፍ ያመጣችሁትን ስም አትጫኑበት። የቀዳችሁትን ድምፅ ለባለቤቶቹ መልሳችሁ አሰሟቸው።