ዝም ያለው መለኪያ፦ በመርከብ ትረስተሮች የኤሌክትሪክ ብልሽት ፍለጋ ታሪክ ላይ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ትረስተር ነው። ትረስተር የምንለው ከውኃ በታች ሆኖ መርከብን ወደ ጎን የሚገፋውን ወይም ባለበት አጽንቶ የሚይዘውን ተሽከርካሪ መግፊያ ነው። ርእሱ ከታሪክ መድረክ ይልቅ ለኢንጂነሪንግ ክፍል የቀረበ ይመስል ይሆናል። ሆኖም የአንድ ቴክኖሎጂ ታሪክ ከተፈለሰፈበት ቀን ይልቅ በተበላሸበት ቀን ይበልጥ ይገለጣል ባይ ነኝ። የፈልሳፊውን ስም ሁሉም ይጽፈዋል፤ ጎንበስ ብሎ ብልሽቱን የፈለገው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል።

በሩቁ እንጀምር። ሞሪትዝ ያኮቢ እ.ኤ.አ. በ1838 በሴንት ፒተርስበርግ፣ በኔቫ ወንዝ ላይ፣ በባትሪ ኃይል የሚሠራ ሞተር የገጠመላትን ጀልባ ሰዎች አሳፍሮ አንቀሳቀሰ። በዚያ ዘመን ብልሽት ከዓይንና ከአፍንጫ አይርቅም ነበር። ዚንኩ ሲበላ ይታያል፤ አሲዱ ይሸታል፤ የላላ ሽቦ በጣት ይነካል። ምልክቱና ምክንያቱ በአንድ ጀልባ ሆድ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር።

ይህ ቅርበት ቀስ በቀስ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1961 ከስ ዋን የተባለው የቁፋሮ መርከብ መልሕቅ ሊደርስበት በማይችል ጥልቅ ባሕር ላይ በአራት መግፊያዎች ባለበት ተይዞ ሲቆፍር፣ መግፊያዎቹን የሚያዝዘው የሰው እጅ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ዩሬካ የተባለችው የሼል መርከብ ተመሳሳዩን ሥራ በራስ ሰር መቆጣጠሪያ መሥራት ጀመረች። ከዚህ በኋላ መግፊያው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ መርከቡ ሊስት ይችላል፤ የተሳሳተ ምልክት ከደረሰው የተሳሳተውን ትእዛዝ በታማኝነት ይፈጽማልና።

ነገሩ የግዙፍ መርከቦች ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ትንሿ የመዝናኛ ጀልባ ልመልሳችሁ። የፊት ትረስተሯ በ12 ቮልት የሚሠራ፣ 300 አምፒር የሚስብ ነው እንበል። ቁልፉ ሲጫን ሞተሩ ያቃስታል እንጂ አይገፋም። ጥገና የሚያደርገው ሰው መለኪያውን ባትሪው ላይ ያደርጋል፤ 12.6 ቮልት፣ እንከን የለሽ! ሞተሩን ይወነጅልና ያወርደዋል። ጥፋቱ ግን በዛገ የሽቦ ጫፍ ላይ ያለ 0.01 ኦም ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህች ኢምንት ተቃውሞ በ300 አምፒር ላይ 3 ቮልት ትበላለች፤ 900 ዋትም ወደ ሙቀት ትለውጣለች። ሞተሩ በማይሠራበት ጊዜ ግን በዚያ ሽቦ ከረንት ስለማያልፍ ምንም አትበላም፤ መለኪያውም ምንም አያይም። ስለዚህ መለካት ያለበት ሞተሩ በጭነት ላይ ሳለ ነው፤ ለዚያውም ባትሪው ላይ ብቻ ሳይሆን በየመገጣጠሚያው። ይህንን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ሰነድ ስለ መመርመር ሳስተምር ነው። እረፍት ላይ ያለ ምስክር ሁልጊዜ ደኅና ነው።

ከሁሉ ይልቅ ረጅም ጊዜ ያስቆመኝ የኩዊን ሜሪ 2 ጉዳይ ነው። ይህች መርከብ የምትነዳው ከቀፎዋ በታች በተንጠለጠሉ አራት የኤሌክትሪክ መግፊያዎች ነው። መስከረም 23 ቀን 2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ገና ሳይነጋ፣ ወደ ባርሴሎና ስትቃረብ ከኋላ በኩል ፍንዳታ ተሰማ። በሰከንዶች ውስጥ አራቱም መግፊያዎች ቆሙ፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ዋናው ኃይል ጠፋ። ሰው አልተጎዳም፤ አካባቢውም ክፍት ባሕር ስለነበር መርከቧ አንድ ሰዓት ያህል ተንሳፍፋ ከቆየች በኋላ ጉዞዋን ቀጠለች።

መግፊያዎቹ ምንም አልሆኑም ነበር። የፈነዳው የኤሌክትሪኩን ሞገድ የሚያጣራው ክፍል ነው። የመግፊያ ሞተሮችን ፍጥነት የሚቆጣጠሩት መሣሪያዎች ሞገዱን ያዛባሉ፤ ይህን ሃርሞኒክ የሚባለውን መዛባት የሚያለዝቡት ካፓሲተሮች ያሉበት ማጣሪያ ነው። ካፓሲተር ያረጃል፤ ሲያረጅ የከረንቱ ሚዛን ይዛባል። ይህንን የሚያይ መሣሪያ በመርከቧ ላይ ተገጥሞ ነበር። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት ግን መሣሪያው መሥራት ካቆመ ዓመታት አልፈውታል።

ብዙ ሰው ይህንን ሲሰማ «ቸልተኝነት ነው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። እኔ ይህ ፍርድ ቸኩሏል እላለሁ። ሚዛኑ ሲጠበቅ እንዲህ ያለ መለኪያ የሚያሳየው ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ነው፤ የሞተ መለኪያም የሚያሳየው ዜሮ ነው። ሁለቱ ዝምታዎች መልካቸው አንድ ነው። መርከቧ በየዕለቱ በሰላም ስትጓዝ፣ የደወሉ አለመጮኽ ራሱ የጤንነት ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ። እኛስ በመዛግብት ውስጥ አቤቱታ ስላላገኘን ብቻ «ዘመኑ ሰላማዊ ነበር» ብለን የጻፍነው ስንት ጊዜ ነው? መጠየቅ የነበረበት ደወሉ መጮኹ ሳይሆን፣ መጮኽ እንደሚችል ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተነው መቼ እንደሆነ ነው።

ከዚህ የከፋው የዳሊ ጉዳይ ነው። መጋቢት 26 ቀን 2024፣ እንደዚያው አቆጣጠር፣ ይህች የጭነት መርከብ በባልቲሞር ኃይሏን አጥታ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን መታች፤ በድልድዩ ላይ በሌሊት መንገድ ሲጠግኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ዋናው ኃይል ሲቋረጥ ዋናው ሞተርም፣ ትረስተሩም፣ መሪውም የአንድ ምንጭ ጥገኞች መሆናቸው ይታያል። የአሜሪካ መርማሪዎች ከብዙ ወራት ፍለጋ በኋላ የመጀመሪያውን መቋረጥ ወደ አንዲት የምልክት ሽቦ አደረሱት። ሽቦዋ ማያያዣዋ ውስጥ እስከ መጨረሻው አልገባችም ነበር። እንዳትገባ ያገዳት ጫፏ ላይ ያለቦታው የተጠለቀው መለያ ነው፤ ብልሽት የሚፈልግ ሰው የትኛዋ ሽቦ የትኛዋ እንደሆነች በቀላሉ እንዲያውቅ የሚደረገው ትንሽ የስም ቀለበት።