የኮሶ ትል
የኮሶ ትል (ቴኒያ ሳጂናታ) በሰው ትንሹ አንጀት ውስጥ የሚኖር ጠፍጣፋ ጥገኛ ትል ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ በሣር ወይም በውኃ ወደ ከብት ሆድ ይገባል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭም በከብቱ ጡንቻ ውስጥ ይቋጠራል። እጩ ያለበትን ቁርጥ ወይም ጥሬ ክትፎ የበላ ሰው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነጭ፣ የሚንቀሳቀስ ቁራጭ ሰገራው ወይም የውስጥ ሱሪው ላይ ያያል። ሚጥሚጣም ሆነ አረቄ፣ ብዙዎች ቢተማመኑባቸውም፣ እጩን አይገድሉም፤ የሚገድለው በደንብ ማብሰል ወይም ለቀናት የቆየ ብርቱ ቅዝቃዜ ነው። ቀድሞ ትሉን ለማስወጣት የኮሶ ዛፍ አበባ ተወቅጦ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር፤ ሲበዛ ግን ጠጪውን ይጎዳል። ዛሬ በሐኪም ትእዛዝ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ይሰጣል። የዳነ ሰው ጥሬ ሥጋ ከበላ እንደገና ሊያዝ ይችላል።