የዓሣ ነባሪ አንጎልና የማስረዳት ሸክም

ዓሣ ነባሪን አብዛኞቻችን የተዋወቅነው በነቢዩ ዮናስ ታሪክ ነው፡፡ ስሙ ራሱ «ዓሣ» ስለሚል ከዓሣ ወገን ብንቆጥረው አይፈረድብንም፡፡ እውነቱ ግን ሌላ ነው፡፡ ዓሣ ነባሪም ሆነ ወገኑ ዶልፊን በሳንባ የሚተነፍሱ፣ ልጆቻቸውን ወልደው የሚያጠቡ እንስሳት ናቸው፡፡ ዛሬ በሕይወት ካሉት ሌሎች እንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመዳቸው እኛ በጣናና በአዋሽ የምናውቀው ጉማሬ ነው፡፡

እኔ የተማርኩት ሕግ እንጂ ሥነ ሕይወት አይደለም፡፡ ስለነዚህ እንስሳት አንጎል እንዳነብ የገፋፋኝም አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፡፡ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦችን ለማሰስ የሚጠቀምበትን ኃይለኛ የድምፅ መሣሪያ፣ ማለትም ሶናርን በመቃወም አንድ ጠበቃ በዓለም ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች ስም ክስ መሥርቶ ነበር፡፡ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 በሰጠው ውሳኔ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት ለእንስሳት የመክሰስ መብት ቢሰጥ ሕገ መንግሥቱ አያግደውም፤ በሥራ ላይ ያሉት ሕጎች ግን ይህንን መብት አልሰጡም በማለት ክሱን ውድቅ አደረገው፡፡ በሕግ ረገድ ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል፡፡ ጥያቄው ግን አልተዘጋም፡፡ ከሳሽ የተባለው ፍጡር ምን ዓይነት አንጎል አለው? ድምፅስ ለእርሱ ምኑ ነው?

የዓሣ ነባሪ ቅድመ አያቶች የዛሬ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዛሬ ፓኪስታን በምንለው ምድር በአራት እግር የሚሄዱ እንስሳት ነበሩ፡፡ ከእነርሱ የተገኙትና ሙሉ በሙሉ ወደ ባሕር የገቡት ዝርያዎች ቅሪተ አካል ደግሞ በግብፅ በረሃ፣ ዋዲ አል ሒታን በተባለው ሸለቆ ይገኛል፡፡ ከነዚህ አንዱ ባሲሎሳውረስ ርዝመቱ ከ15 ሜትር በላይ ቢሆንም አንጎሉ ለአካሉ ትንሽ ነበር፡፡ እንግዲህ አንጎልን ያሳደገው ውኃ ውስጥ መግባት ብቻውን አይደለም ማለት ነው፡፡

ሎሪ ማሪኖና ባልደረቦቿ የቅሪተ አካል ራስ ቅሎችን በሲቲ ስካን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ለውጡ የመጣው በሁለት እርከን እንደሆነ አሳይተዋል፡፡ የመጀመሪያው የዛሬ 35 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጥርስ ያላቸው ዓሣ ነባሪዎች ብቅ ሲሉ ነው፡፡ ያኔ አካል አነሰ፤ አንጎል ግን ከአካል ጋር ሲነጻጸር አደገ፡፡ ሁለተኛው የዛሬ 15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በዶልፊኖች ወገን የታየው ነው፡፡

ውጤቱ የሚያስገርም ነው፡፡ ስፐርም ዌል የተባለው ዓሣ ነባሪ 8 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን አንጎል አለው፤ የሰው 1.4 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው፡፡ ሚዛን ብቻውን ስለሚያሳስት ሳይንቲስቶች አንጎሉ ለዚያ መጠን አካል ከሚጠበቀው በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ያሰላሉ፡፡ በዚህ ስሌት ሰው 7 ገደማ፣ በስፋት የተጠናው ባለ ጠርሙስ አፍንጫ ዶልፊን ደግሞ 4 ገደማ ያገኛል፡፡

ለምን አደገ በሚለው ላይ ግን ባለሙያዎች አይስማሙም፡፡ አንዳንዶች ምክንያቱ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ በሚመጣ ድምፅ አካባቢን ማወቅ ነው ይላሉ፡፡ ሌሎች የመንጋ ኑሮን ይጠቅሳሉ፡፡ ፖል ማንገር እ.ኤ.አ. በ2006 ትልቁ አንጎል በቀዝቃዛ ባሕር ሙቀት ለማመንጨት የመጣ እንጂ የብልህነት ምልክት አይደለም ሲል ተከራከረ፡፡ ማሪኖና ሌሎች በ2007 መልስ ሰጡ፡፡ ከዚያ ወዲህ የወጣው ማስረጃ ለመልስ ሰጪዎቹ ያደላል፤ ዶልፊን ሌላው በልዩ ፉጨቱ አስመስሎ ሲጠራው «አቤት» እንደማለት ምላሽ እንደሚሰጥ በ2013 ታትሟል፡፡

የክርክሩ አሸናፊ ማንም ይሁን፣ ለሕግ ሰው ዋናው ነጥብ ሌላ ነው፡፡ ሕግ አንጎል ለሌለው ኩባንያ ሰውነት ሰጥቷል፤ አራስ ልጅንም ሲጠብቅ ብልህነቱን አይመዝንም፡፡ ስለዚህ ጥበቃ «እኛን ይመስላሉ ወይ?» በሚል ፈተና ላይ መቆም የለበትም፡፡ መጠየቅ ያለበት ምን ይጎዳቸዋል የሚለው ነው፡፡ እዚህ ላይ ማስረጃ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 በባሃማስ 17 ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች ወደ ዳርቻ ወጥተው ሲገኙ፣ የባሕር ኃይሉ ራሱ የተሳተፈበት ምርመራ የመርከቦቹ ሶናር እጅግ አሳማኙ መንስዔ መሆኑን አምኗል፡፡

ጥልቁ ባሕር ጨለማ ነው፡፡ በሚሊዮኖች ዓመታት ድምፅን ዓይኑ ላደረገ ፍጡር ጩኸት ማለት መታወር ነው፡፡ ስለዚህ የማስረዳት ሸክሙ መናገር በማይችለው ላይ ሳይሆን፣ ባሕሩን በጩኸት በሚሞላው ላይ ይውደቅ እላለሁ፡፡