ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲጨልሙ፤ የአሮጌው ፒክአፕ የፊት መብራትና የብልሽቱ ታሪክ

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካን አገር ከተሠሩት ፒክአፕ መኪናዎች፣ ለመጥቀስ ያህል ከፎርድ ኤፍ-100 ወይም ከሼቭሮሌት ሲ-10 አንዱ፣ ዛሬም በባለቤቱ እንክብካቤ መንገድ ላይ ሲውል ከሚያጋጥሙት ብልሽቶች ሁሉ ነጂውን እንደ ፊት መብራት መጥፋት የሚያሰጋው የለም። ሞተር ቢጠፋ መኪናው ዳር ይዞ ይቆማል፤ መብራት በጨለማ ጎዳና ላይ ድንገት ሲጠፋ ግን መኪናው መሄዱን አያቆምም።

የብልሽቱ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ማብሪያው ሲሳብ የኋላ መብራቶች ይበራሉ፣ የዳሽቦርዱ መለኪያዎችም ይታያሉ፤ ከፊት ግን አንዳችም ብርሃን የለም። በዚህን ጊዜ በብዙ ጋራዦች የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ሁለቱን መብራቶች ነቅሎ በአዲስ መተካት ነው። ይህ ልማድ ያለ ጥቅም ገንዘብ ከማስወጣቱም በላይ ከምክንያት የራቀ ነው፤ አንዱ ከሌላው ሳይደገፍ የሚሠራ ሁለት መብራት በአንዲት ሌሊት፣ በአንዲት ደቂቃ አብሮ የሚቃጠልበት ሰበብ እምብዛም አይገኝምና። ሁለቱም ከጨለሙ ጥፋቱ መፈለግ ያለበት ሁለቱ በጋራ ከሚጠቀሙበት መንገድ ላይ ነው። ያ የጋራ መንገድ ደግሞ በአንድ መሐንዲስ እጅ በአንድ ጊዜ የተነደፈ ሳይሆን፣ በልዩ ልዩ ዘመን በልዩ ልዩ ምክንያት የተደረጉ ውሳኔዎች ተደራርበው የፈጠሩት ነው። ስለሆነም ብልሽቱን ለሚፈልግ ባለሙያ የዑደቱን ታሪክ ማወቅ ከመሣሪያ የማይተናነስ ጥቅም አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ላይ የፊት መብራት ማለት እሳት ነበር። ካልሲየም ካርባይድ ላይ ውኃ ጠብ ሲል የሚፈጠረው የአሲቲሊን ጋዝ በጎማ ቱቦ ወደ መብራቱ ይደርስና በክብሪት ይለኮስ ነበር። ችግሩ ብዙ ቢሆንም ይህ መብራት አንድ መልካም ጠባይ ነበረው፤ ብልሽቱ በዓይን ይታያል። ወይ ውኃው አልቋል፣ ወይ ቱቦው ተቀዷል፣ ወይ ነፋስ አጥፍቶታል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ይህ ግልጽነት አብሮ ጠፋ።

የካዲላክ ኩባንያ ቻርልስ ኬተሪንግና የዴልኮ ባልደረቦቹ ያዘጋጁትን የኤሌክትሪክ ሞቶሪኖ፣ ማቀጣጠያና መብራት በ1912 ሞዴሉ ላይ አንድ ላይ አስገባ። ብዙኃኑ የሚነዳው ፎርድ ሞዴል ቲ ግን በ1915 ሞዴሉ የኤሌክትሪክ የፊት መብራት ሲያገኝ ባትሪ አልተጨመረለትም፤ መብራቱ የሚመገበው ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ማግኔቶ ነበር። ሞተሩ ሲፈጥን ብርሃኑ ይደምቃል፤ ሲያዘግም ይፈዛል። በመሆኑም መንገዱ ሲከፋና ነጂው ቀስ ብሎ ለመሄድ ሲገደድ፣ ብርሃን አብልጦ በሚያስፈልገው ሰዓት ብርሃን ያንሰው ነበር። ከዚህም በላይ ሁለቱ አምፖሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለነበሩ የአንዱ ክር ከተበጠሰ ሌላውም አብሮ ይጠፋል። «ሁለቱም ከጠፉ አምፖሉን መርምር» የሚለው ምክር እውነት የነበረው በዚያን ዘመን ነበር፤ ምክሩ ከዘመኑ በላይ ዕድሜ አገኘ ማለት ይቻላል። ከ1919 ጀምሮ ሞቶሪኖና ባትሪ በሞዴል ቲ ላይ መግባት ሲጀምሩ፣ ባትሪ ባላቸው መኪናዎች ላይ መብራቶቹ ጎን ለጎን ተያያዙ፤ የአንዱ መቃጠል ሌላውን መንካቱ ቀረ። ፎርድ በፋብሪካ የተሠራውን የመጀመሪያ ፒክአፑን ለገበያ ያቀረበው በዚሁ ሽግግር መካከል፣ በ1925 ነው።

ቀጣዩ ታላቅ ውሳኔ ከ1940 ሞዴሎች ጋር መጣ። እስከዚያን ጊዜ ድረስ አምፖሉ፣ አንጸባራቂው ሳህንና የፊቱ መስተዋት የየራሳቸው ዕቃዎች ስለነበሩ አቧራና እርጥበት በመካከላቸው ይገባል፤ ሳህኑ ይጠቁራል፤ አምፖሉም ሲለወጥ ቦታውን ስለሚስት ብርሃኑ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ቦይ ይዞራል። የአሜሪካን አምራቾች ሦስቱን አንድ አድርጎ የሚያሽገውን፣ በባለሙያዎች ዘንድ ሲልድ ቢም የተባለውን ባለ 7 ኢንች ክብ መብራት በአንድነት ተቀበሉ። ከየትኛውም መደብር የተገዛ መብራት ለየትኛውም መኪና ይገጥማል። ይህ አንድነት ዋጋ ማስከፈሉ አልቀረም፤ በአሜሪካን አገር ተለዋጭ አምፖል ያለው የፊት መብራት በደንብ የተፈቀደው በ1983 ነበርና አውሮፓውያን ከ1962 ጀምሮ በሃሎጅን አምፖል ሲገሰግሱ አሜሪካን በገዛ ደንቧ ታስራ ኖራለች። ለአሮጌ ፒክአፕ ባለቤት ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሌላ ውጤት ነው። የታሸገው መብራት ከዑደቱ ክፍሎች ሁሉ አስተማማኙ ሆነ፤ ደካማው ቦታ ከመብራቱ ወደኋላ፣ ወደ ሽቦውና ወደ ማብሪያዎቹ ሸሸ።

ወደኋላ ሲኬድ አስቀድሞ የሚገኘው ረጅሙንና አጭሩን መብራት የሚለዋውጠው የእግር ማብሪያ ነው። በእግር የሚሠራ መለወጫ በ1927 ብቅ ያለ ሲሆን ምክንያቱም ለመረዳት አያዳግትም፤ የነጂው እጆች በመሪና በማርሽ ተይዘዋል፤ ግራ እግሩ ግን ፍሪሲዮን በማይረግጥበት ጊዜ ሥራ ፈት ነው። አሳቡ ለነጂው ተስማሚ፣ ለኤሌክትሪኩ ግን ጠላት ነበር። ማብሪያው የተቀመጠበት የወለሉ ግራ ጥግ ከጫማ የሚራገፈው ጭቃና በረዶ የሚያርፍበት፣ ከመስተዋቱ ሥር የሚያንጠባጥበው ውኃ የሚወርድበት፣ በሰሜናዊዎቹ ክፍለ ግዛቶች ደግሞ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የሚጠራቀምበት ነው። የፊት መብራት ኃይል በሙሉ የሚያልፍባቸው የማብሪያው መገናኛዎች በዚያ ቦታ እንዲዝጉ ተፈርዶባቸዋል። ይህም ሆኖ የአሜሪካን ፒክአፖች ማብሪያውን ከወለል ለማንሣት ብዙ ዘገዩ፤ አንዳንዶቹ በ1980ዎቹም ውስጥ ይዘውት ነበር።

ሌላው ውሳኔ በዳሽቦርዱ ላይ በሚሳበው ዋና ማብሪያ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። የኋላና የዳሽቦርድ መብራቶች በብዙዎቹ መኪናዎች በፊውዝ የሚጠበቁ ሲሆን፣ የፊት መብራት ግን ፊውዝ አልተደረገለትም። ነገሩ ቸልተኝነት አይደለም። ፊውዝ አንዴ ከተቃጠለ ተቃጠለ ነው፤ በሌሊት ኩርባ ላይ ፊውዝ ተቃጠለ ማለት ነጂው ታወረ ማለት ነው። ስለዚህ በፊውዙ ፈንታ በሙቀት የሚሠራ መቁረጫ በማብሪያው ውስጥ ተተከለ። ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራው ምላስ ከመጠን ያለፈ ኃይል ሲያልፍበት ይግልና ተጣሞ መገናኛውን ይለቃል፤ ሲበርድም ተመልሶ ይገጥማል። በዚህ ጊዜ መብራቱ እየጠፋ ይበራል፤ ነጂውም በብልጭታው መካከል መንገዱን እያየ ዳር ለመያዝ ፋታ ያገኛል። በመኪና ኤሌክትሪክ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ በጥቂት ሣንቲም ሕይወት የሚያድን አሳብ ብዙ አይገኝም። ሆኖም ምላሱ ከብዙ ዓመት መጋልና መብረድ በኋላ ይደክምና ያለ ጥፋት መቁረጥ ይጀምራል። መብራቱ ለጥቂት ደቂቃ በርቶ ጠፍቶ እንደገና የሚበራ ከሆነ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ይኸው መቁረጫ ነው። ባለቤቱ ለብርሃን ጓጉቶ በ60 ዋት መብራቶች ፈንታ ባለ 100 ዋት ገጥሞ እንደሆነ ግን ምላሱ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነውና ሊወቀስ አይገባውም።

የመጨረሻው የጋራ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመመለሻው መንገድ ነው። ሽቦ ለመቆጠብ ሲባል ከመብራት ወደ ባትሪ የሚመለሰው ፍሰት በመኪናው ቦዲ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ቦዲው አዲስና ንጹሕ ሳለ ጥሩ አስተላላፊ ነው፤ ፓራፋንጎው ሲዝግ፣ ወይም እድሳት ተደርጎለት መታሰሪያው ሳይፋቅ ቀለም ሲቀባ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ላይ የቮልቴጁ ታሪክ ይገባል። የሼቭሮሌት ፒክአፖች በ1955 አጋማሽ ሞዴል፣ የፎርድ ደግሞ በ1956 ሞዴል ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ተሻገሩ። ፎርድ ከዚያ በፊት የባትሪውን ፖዘቲቭ ከቦዲ ጋር ያስር ስለነበር ያን ዘመን ሞዴል የሚመረምር ባለሙያ ይህን ማስታወስ አለበት። የሽግግሩ ዋና ምክንያት ኃይለኛ ሞተሮችን ማስነሣት ቢሆንም መብራቱም ተጠቅሟል። ሁለት ባለ 45 ዋት መብራቶች በ6 ቮልት 15 አምፔር ሲስቡ በ12 ቮልት የሚስቡት 7.5 አምፔር ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ ከዝገት የተነሣ የኦም አንድ አሥረኛ ተቃውሞ ቢኖር ባለ 6 ቮልቱ 1.5 ቮልት፣ ማለትም የኃይል ምንጩን ሩብ ያጣል፤ ባለ 12 ቮልቱ ግን የሚያጣው ከ0.75 ቮልት አይበልጥም። የአምፖል ብርሃን ከቮልቴጁ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወድቅ፣ በመጀመሪያው መኪና ላይ የሚቀረው ብርሃን ከ40 በመቶ በታች ሲሆን በሁለተኛው ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። «የድሮ መኪና መብራት የሻማ ያህል ነው» የሚባለው ወቀሳ ግማሹ የመብራቱ ሳይሆን የዝገቱ ነው።

እነዚህ ውሳኔዎች ከታወቁ ፍለጋው የሚጀመርበት ቦታ በራሱ ይገለጣል። የእግር ማብሪያው ከዑደቱ መካከል ስለሚገኝ መንገዱን ለሁለት ይከፍላል። ለምሳሌ በ1960ዎቹ የሼቭሮሌት ፒክአፕ ላይ ሦስት ሽቦ ይገናኝበታል፤ ፈዛዛ ሰማያዊው ከዋናው ማብሪያ የሚመጣው ነው፤ ቡናማ ቢጫው ወደ አጭሩ፣ ፈዛዛ አረንጓዴው ወደ ረጅሙ መብራት ይሄዳል። ዋናው ማብሪያ ተስቦ መሞከሪያ አምፖል በሰማያዊው ላይ ካልበራ ጥፋቱ ወደ ዋናው ማብሪያና ወደ መቁረጫው ነው። ከበራና ከሁለቱ መውጫዎች በአንዱም ላይ፣ ማብሪያው እየተረገጠ ሲለዋወጥ፣ ካልበራ የእግር ማብሪያው ሞቷል። በመውጫዎቹም ከበራ ጥፋቱ ወደ ፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመመለሻው ላይ ነው። የአንዱ መብራት መመለሻ ብቻ ሲላቀቅ ፍሰቱ በሌላው ክር በኩል የተሳሳተ መውጫ ይፈልጋል፤ መብራቱ በደብዛዛው ይቀላል፣ አጭሩ መብራት በርቶ ሳለም የረጅሙ ምልክት በዳሽቦርዱ ላይ ሊታይ ይችላል።

ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ወጥመድ አለ። ቮልት መለኪያ ራሱ የሚስበው ፍሰት ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ በአንዲት ፀጉር በምታህል ንክኪ የተንጠለጠለ መገናኛ ላይ እንኳ 12 ቮልት ሙሉ ያሳያል። መብራቱ ሲጫንበት ያ ቮልት ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ ልኬቱ መብራቶቹ ተገናኝተው፣ ማብሪያው ተስቦ፣ በእያንዳንዱ መገናኛ ግራና ቀኝ መወሰድ አለበት። የብዙ ባለሙያ የግማሽ ቀን ድካም የባከነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት መብራት በእርግጥ አብሮ የሚቃጠልበት ጊዜም አይታጣም። የቻርጁ ሬጉሌተር ተጣብቆ ቮልቴጁን ያለ ልክ ሲለቅ፣ ወይም ባለ 6 ቮልት መኪና ወደ 12 ሲለወጥ አሮጌዎቹ መብራቶች ተረስተው ሲቀሩ ክሮቹ በአንድነት ይበጠሳሉ። በዚህ ጊዜ ግን በሬጉሌተሩ ጥፋት የዳሽቦርዱም የኋላውም አምፖሎች ስለማይተርፉ ምልክቱ ከመጀመሪያው የተለየ ነው።

ዛሬ አሮጌ ፒክአፕ የሚያድሱ ብዙ ባለቤቶች በመብራቱና በባትሪው መካከል ሪሌይ ይጨምራሉ። ከባዱ ፍሰት በአጭርና ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ይሄዳል፤ የዳሽቦርዱና የወለሉ ማብሪያዎች የሚሸከሙት ሪሌዩን የሚያዝዘውን ጥቂት ፍሰት ብቻ ነው። መቁረጫው ማረፉ፣ ብርሃኑም መጨመሩ ግልጽ ነው። ነገር ግን ይህ ከባድ ፍሰት የማብሪያውን መቁረጫ ስለማይነካ በባትሪው አጠገብ የራሱ መጠበቂያ ያስፈልገዋል፤ ብዙዎች በዚያ ቦታ የሚያስገቡት ደግሞ ያንኑ የጥንት መሐንዲሶች የሸሹትን ፊውዝ ነው። የሪሌዩ መመለሻ ሽቦም የሚታሰረው ከዚያው ቀለም ከተቀባው ፓራፋንጎ ላይ ነው።