ብሮሹር እንደ ቃል ምስክር፦ ከጂፕና ከላንድሮቨር የቆዩ ማስታወቂያዎች የሚገኝ ትምህርት

መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ስለ አንድ ቃል ዕድሜ ምስክር ሲሻ አስቀድሞ የሚመለከተው መጻሕፍትንና ጋዜጦችን ነው። ይሁን እንጂ የቴክኒክ ቃላት ብዙውን ጊዜ የሚወለዱት በሠራተኛው አፍና በሻጩ ወረቀት ላይ ነው። የሻጭ ወረቀት ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፤ አዲስ ሞዴል በመጣ ቁጥር የቀድሞው ይጣላል። በዚህ ጽሑፍ፣ አስቸጋሪ መንገድ እንዲያልፉ ተብለው የተሠሩ የቀድሞ መኪናዎች ማስታወቂያዎችና ብሮሹሮች ለቃላት ታሪክ ምን እንደሚጠቅሙ፣ በምንስ ረገድ እንደሚያሳስቱ በጥቂት ምሳሌዎች እናሳያለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

እነዚህን ወረቀቶች ከመጣል ያዳኗቸው በአብዛኛው ግለሰብ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ዛሬ ግን እንደ ዲትሮይት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያሉ ተቋማትም የመኪና ታሪክ ስብስብ አቋቁመው ይጠብቋቸዋል። ሰብሳቢዎች የመጽሔት ማስታወቂያን፣ ተጣጣፊ ወረቀትን፣ ብሮሹርንና የባለቤት መመሪያን ለያይተው ያስቀምጣሉ። ይህ ልዩነት ለእኛም ይጠቅማል። ብሮሹር የሚናገረው ገና ላልገዛ ሰው ነው፤ መመሪያ የሚናገረው ግን ለገዛ ሰው ነው። ስለዚህ አንዱ ዕቃ በብሮሹሩ በሚያማልል ስም፣ በመመሪያው ደግሞ በሙያ ስሙ ተጠርቶ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱን እንደ አንድ ምስክር መቁጠር አይገባም።

የመጀመሪያው ችግር ዘመንን መለየት ነው። ብዙ ብሮሹሮች የታተሙበት ዓመት አልተጻፈባቸውም። ሰብሳቢው በጀርባ ገጽ ግርጌ ያለውን የኅትመት ቁጥር ይመለከታል፤ እርሱ ከሌለ ሥዕሉን ይመረምራል። ለምሳሌ የላንድሮቨር የፊት መብራቶች በመጀመሪያ ከፊት ወንፊቱ ኋላ ተሸሽገው ነበር፤ በ1950 ገደማ በወንፊቱ ቀዳዳ ብቅ አሉ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ወደ ፓራፋንጎው ተዛወሩ። የስሙ አጻጻፍም ራሱ ምልክት ነው። በቀደሙት ወረቀቶች ሁለቱ ቃላት በጭረት ተያይዘው ይጻፉ ነበር፤ ኋላ ግን ጭረቱ ቀርቷል። እንዲህ ሥዕሉ ቃሉን፣ ቃሉም ሥዕሉን ይመሰክራሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ስያሜ የሚያስከትለው ውጤት ነው። ላንድሮቨር በሚያዝያ 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ሲቀርብ በዋነኛነት የታሰበው ለገበሬ ነበር። አካሉ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራው ከጦርነቱ በኋላ ብረት በመንግሥት ቁጥጥር ስር ሆኖ እጥረት ስለ ነበረ ነው። ቀደምቶቹ ማስታወቂያዎች መኪናውን ከማጓጓዣነት ባሻገር እንደ እርሻ መሣሪያና እንደ ተንቀሳቃሽ የኃይል ምንጭ አድርገው ያቀርቡታል። በብሪታንያ ሕግም እንደ ሥራ መኪና ስለ ተቆጠረ ከግዢ ቀረጥ ነፃ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የወጣው ስቴሽን ዋገን ግን የቤት መኪና ተብሎ ቀረጥ ተጣለበት፤ ዋጋው በመናሩም ገበያው ቀዘቀዘ። በኋላ 12 መቀመጫ ያለው ዓይነት ሲቀርብ እንደ አውቶቡስ ተቆጥሮ ከዚያ ቀረጥ ዳነ። በብሮሹሩ ላይ ያለው የመቀመጫ ቁጥርና የመደብ ስም እንግዲህ ከጌጥነት አልፎ የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ተርጓሚ ይህን ሳያውቅ «ስቴሽን ዋገን»ንና «አውቶቡስ»ን እንደ ተራ መግለጫ ቢያልፋቸው የጽሑፉን ዓላማ ይስታል።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው፣ የማስታወቂያ ታማኝነት ነው። ጂፕ የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ ዛሬም ያከራክራል፤ አንዳንዶች ከሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ሌሎች በ1936 በፖፓይ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ከወጣው እንስሳ ስም ያመጡታል። ዊሊስ ኦቨርላንድ የተባለው ኩባንያ በጦርነቱ ዘመን ባወጣቸው ማስታወቂያዎች የመኪናው ፈጣሪ ራሱ እንደ ሆነ ይናገር ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያውን ናሙና በመስከረም 1940 ለአሜሪካ ጦር ያስረከበው አሜሪካን ባንታም ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1943 ክስ አቅርቦ በ1948 ዊሊስ እንዲህ ማለቱን እንዲያቆም ወሰነ። ያም ሆኖ ስሙ በ1950 በዊሊስ የንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። የጃፓኑ ቶዮታም በ1951 «ቶዮታ ጂፕ» ብሎ የጀመረውን መኪና በዚሁ የስም መብት ምክንያት በ1954 «ላንድክሩዘር» አለው። ከዚህ የምንረዳው ማስታወቂያ ቃሉ በዚያ ዓመት በሥራ ላይ መዋሉን እንደሚመሰክር ነው፤ ስለ ነገሩ የሚናገረው ታሪክ ግን በሌላ ምንጭ መመዘን አለበት።

ብሮሹር ከመዝገበ ቃላት የሚቀድምበትም ጊዜ አለ። «ስፖርት ዩቲሊቲ» የሚለው ስያሜ በ1974 በወጣው የጂፕ ቸሮኪ ብሮሹር ላይ ይገኛል፤ በሕዝብ አፍ በሰፊው የገባው ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

ወደ አማርኛ ስንመለስ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። «መኪና»፣ «ጎማ»፣ «ፍሬን»፣ «ካንዴላ»፣ «ባሌስትራ»፣ «ፓራፋንጎ» ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ የኖሩትም በጋራዥ ቋንቋ ነው። «ጂፕ» ደግሞ በአማርኛ የአንድ ኩባንያ ምልክት መሆኑ ቀርቶ የመኪና ዓይነት ስም ሆኗል። የውጭውን ብሮሹር ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው በዚህ ላይ ይሰናከላል። ለምሳሌ የመኪናውን ጠባይ ለመግለጽ «አገር አቋራጭ» ቢል አንባቢ የሚያስበው ከከተማ ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ ወይም ሩጫውን ነው። «አራቱም ጎማ በሞተር ኃይል የሚዞርለት» ማለት ቢረዝምም አያሳስትም።

እነዚህ የጋራዥ ቃላት መቼ በጽሑፍ እንደ ታዩ ለመናገር በዓመት የተለየ ማስረጃ ያስፈልጋል። በ1941 የተጀመረው የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የቆዩ ቅጾች፣ የአስመጪዎች የዋጋ መግለጫዎች፣ የመለዋወጫ ሱቆች ወረቀቶች ለዚህ ሊፈተሹ የሚገባቸው ናቸው። ቃል ሰብሳቢ እያንዳንዱን ወረቀት ሲመዘግብ ቃሉን ብቻ ቀድቶ መተው የለበትም፤ የወረቀቱን ዓይነት፣ የታተመበትን ቦታ፣ የኅትመት ቁጥሩንና አብሮ ያለውን ሥዕል ሊመዘግብ ይገባል። ዳግም የታተመ ቅጂ ከሆነም ይህንኑ ያመልክት፤ አለዚያ የኋለኛው ዘመን ኅትመት ለቀደመው ዘመን ምስክር ሆኖ ይቆጠራል። ሽማግሌ መካኒክ ቃሉን ሊነግረን ይችላል፤ ቃሉ በየትኛው ዓመት በሥራ ላይ እንደ ነበር የሚያረጋግጥልን ግን ያ የተጣለ ወረቀት ነው።