«ከእገሌ ጀርባ»

ቦሌ ለሚኖር ወዳጅዎ «ቤትህ የት ነው?» ቢሉት የቤት ቁጥር አይነግርዎትም። «ከመድኃኔዓለም ጀርባ»፣ «ከደንበል ከፍ ብሎ»፣ «ሃያ ሁለት ማዞሪያ ሳትደርስ» ይልዎታል። አድራሻችን በሌላው ስም ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ወደ ኢንተርኔት ስንገባም ይህንኑ ልማድ ይዘን ገባን። በጥር 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አገልግሎቱን ሲጀምር፣ የነጋዴውም የሐኪሙም የደራሲውም ኢሜይል «ቴሌኮም ነጥብ ኔት ነጥብ ኢቲ» በሚል ጅራት ይቋጭ ነበር። ኋላም «ኢትዮኔት ነጥብ ኢቲ» መጣ። በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሆቴሎችና የጉዞ ወኪሎች የራሳቸውን ስም ከፊት፣ የቴሌን ስም ከኋላ አድርገው ይጽፉ ነበር። ለማንም እንግዳ አልሆነበትም፤ ደብዳቤውንስ ቢሆን የሚቀበለው ከደጁ ሳይሆን ከፖስታ ቤት ሣጥን አልነበረምን?

ችግሩ ጅራቱ ሲለወጥ ነው። የደብዳቤ ራስጌው፣ የስም ካርዱና የደጅ ሰሌዳው አብረው ያረጃሉ። ባሕር ማዶ ያለው ዘመድም ወደ ቀድሞው አድራሻ ይጽፋል፤ መልሱን ሲጠብቅ ይኖራል።

መፍትሔው ግን ከችግሩ በፊት የተበጀ ነበር። በጥር 1986 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ቴክኒካዊ ሰነድ «ኤምኤክስ» የሚባለውን መዝገብ አሠራር ደነገገ። መዝገቡ የሚለው አጭር ነው፦ «በዚህ ስም የሚመጣ ደብዳቤ ወደዚያ ሰርቨር ይሂድ»። ስሙ የባለቤቱ ሲሆን ሰርቨሩ የማንም ሊሆን ይችላል። አገልግሎት ሰጪው ቢቀየር መዝገቡ ይታረማል እንጂ አድራሻው አይነካም። የእኛው «ኢቲ»ም የተመዘገበው በጥቅምት 1988 ዓ.ም.፣ አገልግሎቱ ከመጀመሩ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

ወደ ራሱ ዶሜይን የሚሻገር ሰው አሮጌውን ሣጥን ወዲያው አይዝጋ። በውስጡ ያሉትን ደብዳቤዎች አስቀድሞ ይገልብጥ፤ አዲስ የሚመጡትንም ወደ አዲሱ ያስተላልፍ፤ የሚጻጻፋቸውንም ሁሉ ያሳውቅ። ይህ ለነጋዴ ብቻ የተሰጠ ምክር አይደለም። የአያቶቻችን ደብዳቤ በሣጥን ሥር ተገኝቶ ታሪክ ሆኗል፤ የዘመናችን ደራስያን የተጻጻፉት ግን በአገልግሎት ሰጪ ሰርቨር ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው የሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ነው።

እርግጥ «የራሴ» የምንለው ዶሜይንም በየጊዜው ክፍያው የሚታደስ ኪራይ ነው። የዘነጋው ሰው ስሙን ሌላ ይወስድበታል። ሆኖም በራስ ስም መከራየትና በሰው ስም መጠለል አንድ አይደሉም።

ሃያ ሁለት ስሙን ያገኘው እዚያ ይዞር ከነበረው የአውቶቡስ ቁጥር ነው ይባላል። አውቶቡሱን የማያውቅ ትውልድ ዛሬም ሰፈሩን በዚያው ስም ይጠራል። ስም ካመጣው ሰረገላ በላይ መኖር ይችላል፤ ባለቤት ካገኘ።