ከከንፈር ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት የአፍ ድርቀትና መከላከያው

ከከንፈር ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት አፍ መድረቁ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ እንደ ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎና ሞያሌ ባሉ፣ ፀሐይና አቧራ በሚበረታባቸው የደቡብ ቆላማ ከተሞች ድርቀቱ ከንፈርን ሰንጥቆ የቁስሉን መዳን ሊያዘገይ ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል።

የከንፈር ቀዶ ሕክምና ለውበት ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም። በዓለም ላይ በአማካይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከከንፈር ወይም ከላንቃ መሰንጠቅ ጋር ይወለዳል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የካቲት 12 ሆስፒታል ከስማይል ትሬን ድርጅት ጋር በመተባበር ለእነዚህ ሕፃናት ነፃ ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። ከነገሌ ቦረና እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ግን 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሆኑም ታካሚው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ያለው እንክብካቤ በአብዛኛው በቤተሰቡ እጅ ይወድቃል።

የድርቀቱ መንስኤ

ጤናማ አዋቂ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ አፍን ያጥባል፤ ጥርስንና ድድንም ከተሕዋስያን ይጠብቃል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ያለው ጾም፣ የማደንዘዣ መድኃኒትና እንደ ትራማዶል ያሉ ብርቱ ማስታገሻዎች ምራቅን ይቀንሳሉ። በእብጠት ምክንያት በአፍ መተንፈስ፣ ሕመምን ፈርቶ አለመጠጣትም ድርቀቱን ያባብሳሉ።

በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ

አዋቂ ታካሚ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ከመጠጣት ይልቅ ጥቂት በጥቂት ደጋግሞ መጎንጨት ይኖርበታል። በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ስፌቱን ስለሚወጥር በኩባያ ወይም በማንኪያ መጠጣት ይመረጣል። የኤላም ሆነ የኩሬ ውሃ ተፈልቶ መቀዝቀዝ፣ ወይም በውሃ አጋር መታከም አለበት። የላምም ሆነ የግመል ወተት ሳይፈላ መጠጣት የለበትም።

ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ ከምግብ በኋላ አፍን በቀስታ መጉመጥመጥ ይጠቅማል። ከንፈርን በምላስ ማራስ ለጊዜው ቢያስታግስም፣ ምራቁ ሲተን ከንፈሩን ይበልጥ ያደርቀዋል። በምትኩ በሐኪም የታዘዘውን ቅባት ወይም ንጹሕ ቫዝሊን በታጠበ እጅ በስሱ መቀባት ይሻላል።

ጫት፣ ሲጋራና አልኮል አፍን ስለሚያደርቁ ቁስሉ እስኪድን መተው አለባቸው። በርበሬና ሎሚ ቁስሉን ያቃጥላሉ። ከንፈሩ ገና ደንዝዞ ሳለ ትኩስ ሻይ ወይም ቡና መጠጣት ሳይታወቅ ሊያቃጥል ይችላል። በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት፣ ሲተኙ ራስን ከፍ ማድረግና በመኝታ ክፍል እርጥብ ጨርቅ መስቀል ይረዳል። በአቧራማ መንገድ ሲጓዙም አፍን በንጹሕ ነጠላ መሸፈን ይገባል።

ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ውሃ አይሰጥም፤ ሐኪሙ በፈቀደው መንገድ የእናት ጡት ወተት ቶሎ ቶሎ ይሰጠዋል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ከንፈሩን ለማለስለስ ተብሎ ማር መቀባት አደገኛ ነው።

ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ፣ መግል ሲታይ፣ ደም አልቆም ሲል፣ ስፌቱ ሲከፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ሲያስቸግር ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የሽንት መጥቆርና ማነስም የሰውነት ፈሳሽ መጉደሉን ያመለክታል። ሕፃን ከሆነ ሲያለቅስ እንባ ማጣቱና የእርግብግቢቱ መጎድጎድ አፋጣኝ ሕክምና ይሻሉ። ድርቀቱ በመድኃኒት የመጣ ቢመስልም፣ ሐኪም ሳያማክሩ የታዘዘ መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም።

ለሕክምና ወደ ሩቅ ከተማ የሚሄዱ ቤተሰቦች ከመመለሳቸው በፊት ስፌቱ በራሱ የሚሟሟ ወይም የሚወጣ መሆኑን፣ የሚወጣ ከሆነም መቼና የት እንደሚወጣ፣ ለጥያቄ የሚደወልበትንም ስልክ ጠይቀው በጽሑፍ መያዝ ይጠበቅባቸዋል።